ለጋይንት፥ ለስማዳና ለእስቴ የምንሰጠው እርዳታ እንዴት ይመርመር?

ለተቸገረ ወገን ማካፈል ለአገራችን ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከደጇ ለቆመ የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የምትሰጥ እናት፥ በሰንበቴ ዕለት ለነዳያን ድርሻ የሚያስቀር ማኅበርተኛ፥ ዘካውን ቆጥሮ የሚያወጣ ሙስሊም ገበሬ፥ ሁሉም መስጠትን ከወላጆቹ ተምሮታል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንፈልገው ጉዳይ ግን ከዚህ ትንሽ ለየት ይላል። ይኸውም ሰጪውና ተቀባዩ ፊት ለፊት በማይተያዩበት ጊዜ፥ በመካከላቸውም አንድ ድርጅት ወይም አንድ ኮሚቴ በሚቆምበት ጊዜ፥ የሰጪው ግዴታ ምንድን ነው? የሚለው ጥያቄ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ድጓ ለማስመስከር ጋይንት ቤተልሔም ለወረደ ተማሪ ቁራሽ የሰጠች እናት ተማሪው ሲበላ በዐይኗ ታየዋለች። ነገ ቢርበው ተመልሶ ይመጣል፤ እንጀራው ቢሻግት ታውቃለች። በገበያም ቢሆን ጫማ የገዛ ሰው ጫማው በሳምንቱ ቢቀደድ ወደ ሱቁ ሄዶ ይጮኻል፤ ሁለተኛም ከዚያ ሱቅ አይገዛም። በእርዳታ ድርጅት ላይ ግን ከፋዩ ሌላ፥ ተጠቃሚው ሌላ ነው። በስማዳ ቆላ የተቆፈረ ጕድጓድ በዓመቱ ቢደርቅ፥ እንስራ አዝላ ወንዝ የምትወርደው ሴት ገንዘቡን ከሰጠው ሰው ጋር አትተዋወቅም፤ «ገንዘባችሁ ባከነ» ብላ ልትነግረው አትችልም። ሰጪውም የጕድጓዱን የምረቃ ፎቶግራፍ አይቶ ደስ ብሎት ይቀመጣል። ከዚህ የተነሣ ሥራው የከሸፈ ድርጅት ፎቶግራፉ ካማረ ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ ገንዘብ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ለራሳችን ኪስ ከመሳሳት የመጣ አይደለም። መጠየቅ ለማትችለው ሴት ተተክቶ መጠየቅ ስለ ሆነ፥ ለተቀባዩ ያለብን ዕዳ ነው።

ነገሩ ለምን ይመለከተናል?

ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ጎን ለጎን የተቀመጡ አገሮች ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጉና ተራራ ትከሻ ተነሥተው እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ይወርዳሉ። ደጋውን ውርጭና የአፈር መሸርሸር፥ ቆላውን የዝናብ እጥረት ያስቸግረዋል። እርሻው ሰማይ ጠባቂ በመሆኑ አንድ ክረምት ሲዛባ የብዙ ቤት ጎተራ ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ አካባቢ እርዳታ አንድ ጊዜ መጥቶ የሚያልፍ እንግዳ አይደለም። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። መሥራት የሚችለው ሰው በወር የተወሰኑ ቀናት እርከን እየሠራ፥ መንገድ እየጠረገ፥ ችግኝ እየተከለ እህል ወይም ገንዘብ ይቀበላል፤ ሽማግሌው፥ ሕመምተኛውና አቅመ ደካማው ደግሞ ያለ ሥራ ይረዳል። ከመንግሥት ፕሮግራም ጎን የውጭና የአገር ውስጥ ድርጅቶችም ለብዙ ዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል።

አሁን ግን የውጭው ምንጭ እየሳሳ ነው። ዩኤስኤአይዲ በመባል የሚታወቀው የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ተዘግቷል። ከዚህ በኋላ ከአዲስ አበባ፥ ከባሕር ዳር፥ ከጎንደርና በውጭ አገር ከሚኖሩ ተወላጆች የሚዋጣው ገንዘብ ከቀድሞው ይልቅ ይፈለጋል። በየግቢያችንም ሣጥን ይዞ የሚዞር አለ፤ በቴሌግራም የባንክ ቍጥር የሚልክ አለ፤ በክረምት «በጎ ፈቃደኛ ሁኑ» ብሎ የሚመዘግብ አለ። 400 ተማሪ በነፍስ ወከፍ 50 ብር ቢያዋጣ 20,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ከየወላጁ ጎተራ የወጣ ነውና እንደ ትንሽ ነገር መታየት የለበትም።

ታሪክ ምን ያስተምረናል?

ሦስት ምሳሌዎችን እናንሣ።

የመጀመሪያው ከዩኒቨርሲቲ ሕይወት የተገኘ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ በገባ ጊዜ ነገሩ በይፋ አይነገርም ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ፎቶግራፉም በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረበ። ተማሪዎችም ቁርሳቸውን ትተው ዋጋው ለረሀብተኛው እንዲውል አደረጉ። እዚህ ላይ የነገሩን ቅደም ተከተል ልብ እንበል። ሄዶ ያየ ሰው ነበር፤ ማስረጃ ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ስጦታው መጣ። ቁርሱን የተወ ተማሪ ለምን እንደ ተወ ያውቅ ነበር።

ሁለተኛው ዓለም ያወቀው ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ከቆረም ያስተላለፈው የረሀብ ዜና ዓለሙን አስደነገጠ። ሙዚቀኞች ባንድ ኤይድ በሚል ስም ተሰባስበው ዘፈን አወጡ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ላይቭ ኤይድ የተባለውን ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በለንደንና በፊላደልፊያ አደረጉ። ከ25 ዓመት በኋላ፥ በ2002 ዓ.ም.፥ ያው ቢቢሲ ባሰራጨው ፕሮግራም በሰሜን ለረሀብተኛ የመጣ ብዙ ገንዘብ በአማፅያን እጅ ለጦር መሣሪያ መግዣ ውሏል የሚል ክስ አሰማ፤ የሰማውም ሰው የባንድ ኤይድ ገንዘብ ጭምር መሰለው። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ግን ቢቢሲ የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለዚህ ነገር መዋሉን የሚያሳይ ማስረጃ እንዳልነበረው አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚህ የምንማረው፥ ለምስጋና ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ሁሉ ለሐሜትም ማስረጃ የሚያስፈልግ መሆኑን ነው። «እነሱ ይበሉታል እንጂ ለድኻው አይደርስም» የሚለው ወሬ ሳይመረመር ሲወራ፥ በቅን የሚሠራውንም ያፈርሳል።

ሦስተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በ2015 ዓ.ም. የእርዳታ እህል ለተቸገሩት ሳይደርስ በስፋት ወደ ሌላ እጅ መግባቱ ስለ ተደረሰበት፥ ዩኤስኤአይዲና የዓለም የምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፥ በሰኔ ወር ደግሞ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታቸውን አቆሙ። ለአብዛኛው ተረጂ እህሉ እንደገና መከፋፈል የጀመረው ኅዳርና ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ ነው። እህሉን የሸጠው ሌላ ሆኖ ሳለ ጦሙን ያደረው ሌላ ሆነ። ቍጥጥር ሲጎድል ቅጣቱ በጥፋተኛው ላይ ብቻ የሚያርፍ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ቅጣቱ የሚያርፈው ሰልፍ ይዞ በሚጠብቀው ሰው ላይ ነው።

ምን ምን እንጠይቅ?

እንግዲህ አንድ ድርጅት ወይም ኮሚቴ «ለጋይንት፥ ለስማዳ፥ ለእስቴ» ብሎ ሲመጣ ልናነሣቸው የሚገቡትን ጥያቄዎች በተራ እንመልከት።

አንደኛ፥ ድርጅቱ በሕግ የታወቀ ነውን? የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቍጥር 1113 እንደሚለው ድርጅት ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት ይይዛል፤ በየዓመቱም የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለመሥሪያ ቤቱ ያቀርባል። መሥሪያ ቤቱ ዛሬ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይባላል። የምዝገባ ቍጥሩን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እውነተኛ ድርጅት ሳይጠየቅ ያሳያል። ነገር ግን ወረቀቱ የሚያረጋግጠው ድርጅቱ መኖሩን ነው፤ ሥራው መልካም መሆኑን ሌላ ጥያቄ ይነግረናል።

ሁለተኛ፥ ገንዘቡ በማን ስም ይገባል? የባንክ ሒሳቡ በድርጅቱ ስም መሆን አለበት፤ ገንዘብ ለማውጣትም ቢያንስ የሁለት ሰው ፊርማ ሊያስፈልግ ይገባል። በአንድ ግለሰብ ስልክ ወይም የግል ሒሳብ የሚሰበሰብ ገንዘብ፥ ሰውየው ቅን ቢሆን እንኳ፥ ሲታመም ወይም ሲሞት የማን እንደሚሆን አይታወቅም። እድሮቻችን ሰብሳቢ፥ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ለይተው የሚሾሙት ሰውን ሁሉ ሌባ ነው ብለው አይደለም፤ ሰውን ከፈተና፥ ወዳጅነትንም ከጥርጣሬ ለመጠበቅ ነው።

ሦስተኛ፥ በየትኛው ቀበሌ፥ ምን ይሠራል? «ድኻውን እንረዳለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም። «በዚህ ቀበሌ በዚህ ትምህርት ቤት ለዚህን ያህል ልጆች ይህን እናደርጋለን፤ በዚህን ያህል ጊዜ እንጨርሳለን» የሚል ድርጅት ኋላ ሊጠየቅ ይችላል። ባለፈው ዓመት ያልተሳካለትን ነገር በሪፖርቱ የሚጽፍ ድርጅት ከተገኘ ደግሞ ይበልጥ ልናምነው ይገባል።

አራተኛ፥ ለአስተዳደር ምን ያህል ያወጣል? በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 621 አስተዳደራዊ ወጪ ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ይል ነበር፤ የ2011ዱ አዋጅ ወደ ከመቶ 20 ዝቅ አድርጎታል። ይህ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ሆኖም ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። ሒሳብ የሚመረምር ባለሙያ ደመወዝ ይፈልጋል፤ ጕድጓዱ ከዓመት በኋላ መሥራቱን በሽሎ በረሃ ወርዶ የሚያይ ሰውም መጓጓዣና ውሎ አበል ይፈልጋል። «አንድ ሳንቲም ለአስተዳደር አናወጣም» የሚል ድርጅት ምናልባት ምንም የማይቆጣጠር ይሆናል።

አምስተኛ፥ ከሥራው በኋላ ምን ቀረ? ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ነው። ስንት ቧንቧ ተተከለ ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ስንቱ ውሃ ይሰጣል? ብሎ መጠየቅ ግን ይጠቅማል። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ «ፕሌይ ፓምፕ» ለሚባል፥ ልጆች እየተሽከረከሩ ሲጫወቱ ውሃ ለሚያወጣ መሣሪያ፥ በአሜሪካ 16.4 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ። ሐሳቡ ማራኪ ነበር። ነገር ግን ዋጋው ከተራ የእጅ ፓምፕ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከመሆኑም በላይ ለጥገና አስቸጋሪ ሆነ፤ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣም በ2002 ዓ.ም. አስልቶ፥ ታስቦ የነበረውን ያህል ውሃ ለማውጣት ልጆች በቀን 27 ሰዓት መጫወት እንዳለባቸው ጻፈ። ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በአማራ ክልል ይሠራ የነበረው የገጠር ውሃ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሌላ መንገድ ሞከረ። ገንዘቡ፥ ዛሬ ጸደይ ባንክ በተባለው በአማራ ብድርና ቍጠባ ተቋም በኩል፥ በቀጥታ ለውሃ ተጠቃሚው ኮሚቴ እንዲደርስ ተደረገ። ሕዝቡ ራሱ ሲሚንቶውን ገዛ፤ ባለሙያውን ቀጠረ፤ ለጥገናም አዋጣ። የራሱ እጅ ያለበትን ሥራ ሰው ሲሰበር ይጠግነዋል።

ስድስተኛ፥ ተረጂውን ማን ይመርጣል? በሴፍቲኔት ፕሮግራም ተረጂው በኅብረተሰቡ ፊት እንዲለይ፥ ስሙም በይፋ እንዲነገር፥ ቅር የተሰኘ ሰው አቤት የሚልበት ኮሚቴ እንዲኖር ተደንግጓል። አፈጻጸሙ ሁልጊዜ እንደ ደንቡ ነው ባይባልም ደንቡ ልክ ነው። የግል ድርጅትም «የተዘለለ ሰው ለማን አቤት ይላል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ሰባተኛ፥ የሚሰጠው ነገር በእርግጥ የጐደለው ነገር ነውን? ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የገጠሩ መንገድ አለ። ደብተርና እስክርቢቶ በመኪና ጭኖ ከመላክ፥ ገንዘቡን ልኮ ከነፋስ መውጫ፥ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ማስገዛት የኪራዩን ዋጋ ያተርፋል፤ የአካባቢውንም ነጋዴ ይደግፋል። ያረጀ ልብስ ከመሰብሰብም በፊት ልብስ የተጠየቀ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

ጊዜን ስለ መለገስ

ከገንዘብ ሌላ ተማሪ ያለው ሀብት ጊዜው ነው። ይህም ታሪክ አለው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች እየሄዱ፥ አብዛኞቹም በመምህርነት፥ ያገለግሉ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ሁለቱ በዓላማም በአመራርም ይለያያሉ፤ ነገር ግን አንድ ትምህርት እናገኝባቸዋለን። በአንድ ትምህርት ቤት ዓመት ሙሉ የቆየ መምህር ተማሪዎቹን በስም ለማወቅ፥ የተጀመረውንም ትምህርት ለመፈጸም ጊዜ ነበረው።

ዛሬ ለሁለት ሳምንት የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ይህን ዕድል አያገኝም። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት እነዚህን ይጠይቅ። የምሠራው ሥራ እኔ የማውቀው ሙያ ነውን? በአካባቢው ሥራ ያጣ ወጣት ይህን ሊሠራው አይችልምን? እኔ ስመለስ የሚቀጥለው ማን ነው? የት አድራለሁ፤ ማንስ ያበላኛል? ክረምት በገበሬው ዘንድ የእርሻና የአረም ጊዜ ነው፤ የቤቱም እህል የሚሳሳው በዚሁ ወራት ነው። በዚያ ወቅት እንግዳ መቀበል፥ ባለቤቱ በደስታ ቢቀበልም፥ ወጪ አለው። ጊዜ በነፃ ይሰጣል፤ ለተቀባዩ ግን ሁልጊዜ ነፃ አይሆንም።

የእኛ ልዩ ዕድል

በለንደን ወይም በዋሽንግተን የሚኖር ሰጪ ይህን ሁሉ ለማጣራት ብዙ ይደክማል። እኛ ግን በየክፍላችን ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ የመጡ ተማሪዎች አሉን። ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፥ ለአንድ መምህር፥ ለአንድ የንስሓ አባት ወይም ለአንድ ሼህ ስልክ ደውሎ «ይህን ድርጅት ታውቁታላችሁን? ምን ሠራ? አሁንስ ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ለሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ደውሎ መልሳቸውን ማስተያየት ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይበልጣል። የአገራችን ሰው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ ለንፍገት ሰበብ እንዳይሆን

ይሁን እንጂ ከዚህ ትምህርት ክፉ ፍሬ እንዳይወጣ መጠንቀቅ አለብን። እየጠየቀ የሚኖር፥ ነገር ግን ከቶ የማይሰጥ ሰው፥ ለተራበው ከሌባው አይሻለውም። ምርመራውም ከስጦታው ጋር ይመጣጠን። ለ20 ብር ሳምንት ሙሉ መመርመር ሞኝነት ነው፤ ለ20,000 ብር ግን ሳምንት አይበዛም።

አደጋ በድንገት ሲደርስስ? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ገብቶ ከተማይቱ ለቀናት በተያዘች ጊዜ፥ ለተጎዳው ሕዝብ የሚያስፈልገው ፈጥኖ የሚደርስ እጅ ነበር። በእንዲህ ያለ ሰዓት ምርመራ ለመጀመር ጊዜ የለም። ስለዚህ ምርመራው የሚደረገው ነገር ጸጥ ባለበት ወራት ነው። የታመነውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በክፉ ቀን ሳያመነታ ይሰጣል፤ ያላወቀ ግን ወይ ለመጀመሪያው ጠያቂ ይሰጣል፥ ወይም ተጠራጥሮ እጁን ይሰበስባል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ትንሽ ሐሳብ እናቀርባለን። በጽሕፈት ቤቱ አንድ መዝገብ ይከፈት፤ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ለሚሠራ ለእያንዳንዱ ድርጅት አንድ ገጽ ይሰጠው። በገጹ ላይ የምዝገባ ቍጥሩ፥ የባንክ ሒሳቡ በማን ስም እንደ ሆነ፥ የሚሠራበት ቀበሌ፥ ከአገር ቤት ሰዎች የተገኘው መልስና የተጠየቀበት ቀን ይጻፍ። ድርጅቱም ስለ ራሱ የሚለው ይጨመርበት፤ ያልሰሙትን ወገን መፍረድ አይገባምና። ከየአካባቢው ሁለት ሁለት ተማሪ ቢመደብ መዝገቡ በአንድ መንፈቀ ዓመት ይሞላል፤ የሚቀጥለው ተማሪም ከባዶ አይጀምርም። ሣጥን ይዞ ለሚመጣው ሰብሳቢም መዝገቡ ይገለጥለት፤ ድርጅቱ ገጽ ከሌለው በዚያው ዕለት ይከፈትለት፤ ጥያቄው ሲመለስ ገንዘቡ ይሰጠው።